አባቴ የበላበት ክረምት

አባቴ ጥሎን ሊሄድ እንደሆነ የሰማሁት ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆሜ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ዶሪስ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ድስት ትፈትጋለች፤ ድስቱ ግን ከታጠበ ቆይቷል። አባቴ የትራም ነጂ ካፖርቱን እንደለበሰ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል።

«አልጋ ተዘጋጅቶልሃል ሳልቩ» አለችው። «እየጠበቁህ ነው። ስንት ጊዜ ይደውሉ?»

«ይጠብቁ።»

«እስከ መቼ?»

«ትንሽ ቀን ስጪኝ። ትንሽ ቀን ብቻ። ከዚያ እሄድላችኋለሁ።»

እንግዲህ ልጅ ከዚህ ምን ትረዳለች? ሌላ ቦታ አልጋ ተነጥፎለታል፤ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ፤ እናቴም ሂድ እያለችው ነው። የክፍል ጓደኛዬ የሊንዳ አባት የሄደው እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ስልኩ መጮህ ያበዛል፣ ከዚያ እናትየው ያለ ሥራ ሥራ ትፈጥራለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሻንጣ በር ላይ ቆሞ ይገኛል። ወደ አልጋዬ ተመልሼ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ማልቀስ ፈልጌ እንባዬ እምቢ አለኝ።

በቀጣዩ እሑድ እናቴ ጥንቸል ሠራች። በቀይ ወይን ጠጅና በነጭ ሽንኩርት የሚበስል ጥንቸል እንደኛ ከማልታ ለመጣ ሰው እሑድን እሑድ የሚያደርገው ነገር ነው፤ አባቴ ሽታውን ገና ከአጥሩ በር ሲቀበለው ይዘፍን ነበር። ያን ቀን አልዘፈነም። አንድ ጉርሻ ወሰደ። እናቴ ሹካዋን አስቀምጣ ታየዋለች። ሲያኝክ ታየዋለች። ሲውጥ ጉሮሮውን ታየዋለች። ሁለተኛውን ጉርሻ አነሳና መለሰው።

«እያየሽኝ መብላት አልችልም» ብሎ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

እናቴ ዓይኗን ከጉሮሮው ላይ አላነሣችም።

«ማርቴዝ» አለኝ አባቴ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ። «ተነሺ ልቤ፣ ኮትሽን ልበሺ። እኔና አንቺ ውጭ ነው የምንበላው።»

ውጭ መብላት! እኛ ቤት ውጭ የሚበላው ሰው ሲያገባ ወይም ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ነው። ደግሞ ጥንቸሉ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እየጨሰ! እናቴን ዞሬ አየኋት። «ሂጂ» አለችኝ፣ «አብረሽው ሂጂ።» ሂጂ ስትለኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሲድኒ ሮድ የሚባለው ጎዳና ከቤታችን በር ወጥተው ጠምዘዝ ሲሉ ነው። የቱርኩ ምግብ ቤት ከጣሊያኑ ጎን፣ ጣሊያኑ ከሊባኖሷ ጎን፣ ቀጥሎ የግሪኮቹ አሳ ቤት፤ በሮቹ እንደ ጥርስ ተደርድረው፣ ከሰል የሚሸተው ከቅቤ፣ ቅቤ የሚሸተው ከጥብስ አሳ እየተቀላቀለ። አባቴ ለዓመታት የአስራ ዘጠኝ ቁጥር ትራምን በዚያ መንገድ ላይ ሲነዳ ኖሯል። ሁሉንም ምግብ ቤቶች በመስኮታቸው ያውቃቸዋል፤ አንዳቸውም ውስጥ ግን እግሩ ገብቶ አያውቅም። ምሳው እናቴ የምትቋጥርለት ዳቦ ነበር።

«ያቺን ሴትዮ አየሻት?» አለኝ በቱርኩ መስኮት እያሳየኝ። «ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር ሊጥ ስትዳምጥ ነው የማገኛት። ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም። እሷም ጋ እንገባለን፣ ቆዪ ብቻ።»

መጀመሪያ የገባነው ኔሎ ጋ ነው። ኔሎ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ የሚያጨስ ወፍራም ጣሊያናዊ ነበር፤ አባቴ ሲያልፍ የትራሙን ደወል ይደውልለታል፣ እሱ ደግሞ ሲጋራውን ያነሣለታል። ጓደኝነታቸው ይኸው ነበር።

«አስራ ዘጠኝ!» አለ ኔሎ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። «ሐዲዱን ስተህ ነው?»

«ርቦኝ ነው። አፌ ጡረታ ሊወጣ ነውና ከመውጣቱ በፊት ያለህን ሁሉ አምጣ።»

«ይሄ አፍ? ይሄ አፍ እንኳን ጡረታ እረፍትም አይወጣ!»

አባቴ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። የኔሎ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ወደ ጓዳ ገባ፤ ገብቶም አልተመለሰም። ሳህኖቹን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ሳታውቀኝ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። አባቴ አንድ የብልግና ቀልድ ተናግሮ ሰውዬውን አስቀይሞት ነው ብዬ አፈርኩበት።

አባቴ ግን በላ። እንዴት እንደበላ! ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ጉርሻውን ወደ ግራ ጉንጩ ገፍቶ፣ በግራው ብቻ እያኘከ። የምግብ ቤት ሥርዓት መስሎኝ እኔም በግራዬ ማኘክ ጀመርኩ። ይህን ሲያይ ሹካውን ጣለና ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ድረስ ሳቀ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ብዪ። እንዳንቺ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ የሥራ ሰዓቱ ሳያልቅ እየወጣ ይመጣ ጀመር። ኋላ ጭራሹን ሥራ መሄዱን ተወ፤ ያን ጊዜ እረፍት የሰጡት መስሎኝ ነበር። ቀን መሸትሸት ሲል፣ የመንገዱ መብራት ገና ሲበራ፣ «ኮትሽን» ይለኛል፤ እንወጣለን። እናቴ ደግሞ መሐረቧን አስራ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ለቅድስት ሪታ ጸሎት ይዛለች። ቅድስት ሪታ ባል ላስቸገራቸው ሴቶች እንደምትማልድ መነኮሳቱ ትምህርት ቤት ነግረውናል። ተስፋ ለቆረጡ ሰዎችም እንደምትማልድ አብረው ነግረውናል፤ እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ቱርኮቹ ጋ ሥጋና ዕንቁላል ያለበት ረጅም ቂጣ በላን። አባቴ የተጠበሰ ቃሪያ አዘዘ፤ አንዱን ነክሶ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፣ ጠረጴዛውን በእጁ ጨብጦ ያዘ። «ተወው አባዬ፣ ያቃጥላል» አልኩት። «ያቃጥል» አለኝ። «ያቃጥል ተዪው።» አፉን የጠረገበትን ሶፍት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ቀይ ነበር። ድልህ ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ድልህ ያለበት ነገር አላዘዝንም።

ዘወትር የማስበው ስለዚያች አልጋ ነበር። የት ናት? ማን ነው ያነጠፋት? በየገባንበት ቤት አስተናጋጆቹን አንድ በአንድ አጠና ነበር። የግሪኮቹ አሳ ቤት ውስጥ ቩላ የምትባል፣ ጆሮዋ ላይ ትልልቅ ክብ ጉትቻ ያደረገች አስተናጋጅ ነበረች። ሁለተኛ ቀን ስንሄድ የአባቴን ትከሻ ያዝ አድርጋ «ምን ላምጣልህ የኔ ወንድም? ዛሬ የፈለግከውን ነው» አለችው። ዓይኗ እርጥብ ነበር። እሷ ናት አልኩ በልቤ። ጫማዋን ሳይቀር አየሁባት። ስትሄድ ጠብቄ፣

«አባዬ፣ አልጋህ እዚህ ነው?» አልኩት።

ሹካው አየር ላይ ቆመ። «የምን አልጋ?»

«እማዬ የምትለው። የሚጠብቁህ ሰዎች ያዘጋጁልህ።»

ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ ሳቅ ጀመረውና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፦ «አይ ልቤ። ያ አልጋ ሌላ ቦታ ነው። እንዲህ ዓይነት አሳ የሚገኝበት አይደለም።»

«ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ። ግን እመለሳለሁ።»

«የሊንዳ አባትም እንዲያ ነው ያላት።»

ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት አይቻለሁ፤ እስካሁንም የተከፈተው አፉ ይታየኛል። ከዚያ ዘጋውና ሳህኔን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ብዪ» አለኝ። «እንዳይቀዘቅዝብሽ።»

ክረምቱ እየጠነከረ ሲሄድ አባቴ ሥጋ ማዘዝ ተወ። ከዚያ ቂጣ ተወ። መጨረሻ ላይ የምንሄደው ኡም ሚሼል ጋ ብቻ ሆነ። ኡም ሚሼል፣ የሚሼል እናት ማለት ነው፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሊባኖሳዊት ነበረች፤ ደበርጃኑን በከሰል ጠብሳ፣ ሽምብራውን ፈጭታ፣ ሰሊጥና ዘይት አፍስሳበት ታቀርባለች። ሁሉም ለስላሳ ነው፤ ጥርስ አይፈልግም።

«አንተ ትራም፣ ዛሬም መጣህ?» ትለዋለች ገና ከበሩ። «ፍሬን የለህም እንዴ?»

«ፍሬኔን ሚስቴ ይዛዋለች።»

«ታዲያ እሷን ለምን አታመጣትም? ልበላት መሰለህ?»

በዚህ ጊዜ አባቴ ማንኪያውን ያነሣል፤ ኡም ሚሼልም ወደ ጓዳ ትገባለች። ለምን አያመጣትም? እኔም ይኸው ነበር ጥያቄዬ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ እንዲህ ለስላሳ ነገር አብረው ቢበሉ፣ ሰው እንዴት ይለያያል? ይህን ሳሰላስል ቆየሁና አንድ ሐሙስ ቀን ቆረጥኩ።

ምግቡ ገና ሲቀርብ «ሽንት ቤት» ብዬ ተነሣሁ። በጓዳ በኩል፣ በቆሻሻ በርሜሎቹ መካከል ወጥቼ ሮጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ተንበርክካለች፤ ከእሷ ሌላ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ።

«እማዬ» አልኳት እያለከለክሁ፣ «አባዬ እያለቀሰ ነው። ነይ ይልሻል።»

መዋሸቴ ነበር። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ቦርሳዋንም ወንበሩ ላይ ትታ ሮጠች። እናቴ ስትሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አንድ ጫማዋ ወልቆ ተመልሳ ሳታነሣው ሄደች። እኔ ነኝ ያነሣሁት።

ኡም ሚሼል ጋ ስንደርስ ውሸቴ እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። አባቴ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያዘዝነው ምግብ ሳይነካ ፊቱ አለ። ኡም ሚሼል አጠገቡ ቆማ እጇን በሽርጧ ጠቅልላለች፤ የሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሰዎች ሳህናቸውን ያያሉ። እኔ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ የማላየው ነገር ይኸው ነበር፤ ወንበሬ ባዶ ሲሆን የሚመጣው።

እናቴ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ቆመች። «ሳልቩ።»

ቀና አለ። ሶፍቱን ከአፉ አነሣ። «ማነው የጠራሽ?»

«በቃ። ነገ እንሄዳለን።»

«አንድ ሳምንት ዶሪስ፣ አንድ ሳምንት ብቻ…»

«ያለፈውም ሳምንት፣ ከዚያ በፊት ያለውም ሳምንት አንድ ሳምንት ነበር! ሐኪሙ ያለውን አብረን ነው የሰማነው። እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል ነው ያለው። እየበላህ ልትሞትብኝ ነው!»

«ልጅቷ እየሰማች ነው።»

«ትስማ! ምላስህን ይውሰዱት! ይቁረጡና ይጣሉት! እኔ ምላስህን አላገባሁም!»

ጓዳ ውስጥ የሚንተከተክ ድስት ብቻ ይሰማል። እኔ የአባቴን አፍ አየሁ፤ ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፦ የሆስፒታሉ አልጋ፣ ስልኩ፣ ግራ ጉንጩ፣ ሶፍቱ። የእናቴን ጫማ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ አባቴ ፊቴን አየ። የተረዳሁትን ሁሉ ፊቴ ላይ አነበበው።

«አየሽ?» አላት እናቴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «እሷ ስታየኝ ብቻ ነበር ደህና ሰው የምሆነው።»

እናቴ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። አባቴ የኡም ሚሼልን ሳህን ወደ እሷ ገፋው።

«ብዪ» አላት። «መጥተሽ የለ። አንድ ጊዜ አብረን እንብላ። ሳታዪኝ ብዪ።»

እናቴ አቀርቅራ በላች። እንባዋ ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ትጎርሳለች። እሱም በማንኪያ ጥቂት ወሰደና አፉ ውስጥ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ለመዋጥ አልቸኮለም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ፣ የት ማየት እንዳለብኝ ጠፍቶኝ፣ መብራቱን አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሳመኝ። አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ስለምጠብቅ ይመስለኛል ያልተናገረው። «ኮትሽን ቆልፊ፣ ብርድ ነው» አለኝ። በሙሉ ቃል ከአፉ የሰማሁት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ኦፕራሲዮኑን ያዘገየበት ጊዜ ምን ያህል እንደጎዳው ሐኪሞቹ አልነገሩንም። እናቴም ልትጠይቅ አልፈለገችም፤ እስክትሞት አልጠየቀችም።

ሲመለስ ዛፎቹ አብበው ነበር። ከሆዱ ላይ በወጣ ቀጭን ቱቦ ነበር የሚመገበው፤ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ፤ እናቴ ወተት መሳዩን ነገር በቱቦው ስታፈስለት አየሁ። ዓይናችን ተጋጨ። ፊቴን ላስተካክል ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እናቴ ያን እሑድ ያየችውን አስተያየት እኔም አየሁት። ዓይኑን ሰበረና በእጁ በሩን ግፊው አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወ። ሰው ሲመጣ ተኝቷል ይባላል። ኔሎ ሁለት ጊዜ በር ላይ መጥቶ፣ ኮፍያውን እያሻሸ፣ ሳይገባ ተመለሰ። አባቴ ለመናገር ሲሞክር ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ አስፈሪ ነበር፤ ራሱንም ሳያስፈራው አልቀረም፣ ዝም አለ። ቤታችን እንዲያ ጭር ብሎ ባጀ። እናቴ በምሽት እንኳ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታ ነበር። ምን ብላ ትለምን?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኡም ሚሼል ሽርጧን እንደታጠቀች መጣች። እናቴ «ተኝቷል» ልትላት አፏን ስትከፍት አልፋት ገባች። ከመኝታ ቤቱ በር ውጭ ቆማ ጮኸች።

«ስማ! ቤቴ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ በላ አልበላ ብዬ አፉን የማይ ይመስልሃል? ግማሹ የሚመጣው ሚስቱን ሸሽቶ ነው! ውጣ!»

በሩ አልተከፈተም።

«ካልወጣህ እዚሁ ቁጭ ብዬ አረብኛ እዘፍንልሃለሁ። ድምፄን ታውቀዋለህ።»

እናቴ በእጇ አፏን ያዘች። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ። አባቴ ሸሚዙ ሰፍቶት፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ቆሟል።

ሄድን። ሦስታችንም። መንገዱ ላይ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የሄደው። ኡም ሚሼል ጥግ ያለ ጠረጴዛ ሰጠችን። ሰዎች ቀና አሉ፤ አንዳንዶቹ የድሮ ደንበኞች ነበሩ፣ ያን ሐሙስም የነበሩ። አባቴ ወንበሩን ያዘና ዙሪያውን አዙሮ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሁሉ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። ግድግዳው ባዶ ነበር፤ የቀለም ፍንጣሪና አንድ የተረሳ ምስማር ብቻ። እናቴ የት እንደምትቀመጥ ጠፍቷት ቆማ ቀረች። ፊት ለፊቱ ቦታ የለም።

ምግቡ መጣ፣ ለሁለት ሰው። ኡም ሚሼል አስቀምጣው ሳትናገር ሄደች። ወንበሬን ጎተትኩ፤ እግሩ ወለሉ ላይ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። ከአባቴ ቀኝ፣ ትከሻዬ ትከሻውን እስኪነካ አስጠግቼ፣ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥኩ። እናቴ በግራው መጣች። ሦስታችንም ተሰልፈን ግድግዳ እናያለን። ከኋላችን የአንድ ሰው ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ተቆረጠ።

አልራበኝም ነበር። ግን ዳቦ ቆረስኩ፣ ደበርጃኑ ውስጥ ነከርኩ፣ ጎረስኩ። ወደ እሱ አላየሁም፣ እሱም ወደ እኔ አላየም። ስንተኛው ጉርሻ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። በአገጩ ሳህኑን አሳየኝ።

«ደህና ነው» አልኩ አፌ እንደሞላ፣ ለግድግዳው። «ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል።»

ከጉሮሮው ያ ድምፅ ወጣ። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ ሰው ባለበት ቦታ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነው። እናቴ ደንግጣ ጎንበስ አለች።

«ምን አለ? ማርቴዝ፣ ምን እያለ ነው?»

«ሎሚ ጨምሪበት ነው የሚለው» አልኳት።

እንዲያ ማለቱን እርግጠኛ አልነበርኩም። ሎሚውን አነሣሁ፣ እላዩ ላይ ጨመቅሁበትና መብላቴን ቀጠልኩ።